ሞተሩ ይውረድ ወይስ አይውረድ? ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ መካኒክ የተጻፈ ምስጋና

ሰላም የጎጃም ልጆች፣ ሰላም ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና የምትነዱ ሁሉ።

ዛሬ የምጽፈው አንድን ሰው ለማመስገን ነው። ደብረ ማርቆስ የሚሠራ መካኒክ ነው። ስሙን አደባባይ እንዳላወጣው ስለለመነኝ አልጽፈውም። ጋራዡ የገባ ሁሉ «አያ» ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ። ምን እንዳደረገልን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። «ሞተርህ አልቋል፣ ኦቨርሆል ነው» (ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይታደስ ማለት ነው) ተብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

የእኛ መኪና ቶዮታ ሂሉክስ ናት። ደብል ጋቢና፣ 5ኤል የናፍጣ ሞተር። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው የምንሠራባት። ከአማኑኤልና ከደምበጫ ድንች ታመጣለች፣ ማዳበሪያ ታደርሳለች፣ አንዳንዴም አባይን ተሻግራ አዲስ አበባ ትገባለች። ኪሎ ሜትሯ 430 ሺህ አልፏል። የቤታችን እንጀራ እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም።

ችግሯ ጠዋት ጠዋት ጀመረ። የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ። ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ነጭ ጭስ ትለቃለች፣ ከሞቀች በኋላ ትንሽ ትረጋጋለች። ቆይቶ ጉልበቷም ቀነሰ። ከአባይ ወንዝ ወደ ደጀን ሽቅብ ስትወጣ ባዶዋን እንኳ ማርሽ ቀንሱልኝ ማለት አበዛች።

መጀመሪያ የወሰድናት ሌላ ጋራዥ ነው። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ጨምቆ የሚያወጣውን ግፊት፣ ለኩልንና ቁጥሩን በወረቀት ጻፉልን። ከአንደኛው ሲሊንደር ጀምሮ 22፣ 23፣ 14፣ 22 ባር። «የጤነኛ ናፍጣ ሞተር 30 አካባቢ ነው፣ የናንተ አራቱም ሞተዋል፣ ሙሉ ኦቨርሆል ያስፈልጋል» አሉን። ፒስተን፣ የፒስተን ቀለበት፣ ብሮንዚን፣ የክራንክ ሻፍት ሞረዳ፣ ሁሉንም ደርድረው ዋጋ ጠሩልን። ዋጋው የሚያስደነግጥ ነበር።

ቤት ውስጥ ሦስት ቦታ ተከፈልን። ወንድሜ አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርደን ያገለገለ ሞተር ገዝተን እንግጠም አለ። እኔ የራሷ ሞተር ይታደስ አልኩ። አባታችን ደግሞ ሽጧት አለ። የመሸጡ ነገር ድሮ ቢሆን ያስኬድ ነበር። ግን በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የሸጥከውን የሚተካ መኪና መግዛት ቀላል አይደለም። የመለዋወጫውንም ዋጋ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ «ትታደስ ወይስ አትታደስ» የሚለው ጥያቄ እንደ ድሮው በግምት የሚመለስ ነገር አይደለም። ገንዘቡ ትልቅ ነው።

አያ ጋ የወሰደን አንድ የሚኒባስ ሹፌር ወዳጃችን ነው። ስንደርስ ወረቀቱን ሰጠሁት። አየው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ስለ ቁጥሩ ምንም ሳይናገር ጥያቄ ጀመረ። ዘይት ትበላለች? በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ትጨምራላችሁ? ጉልበቷ ቀስ በቀስ ነው የጠፋው ወይስ በአንድ ጊዜ? ውኃ ትቀንሳለች? ጭሱ ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? ቀለሙስ? ወንድሜ የዘይቱን ነገር ደብተር ላይ ይይዝ ስለነበር በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር እንኳ እንደማይሞላ ነገረው። አያ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሊትር ድረስ ለአሮጌ ሞተር የተለመደ ነው፣ ዘይት የማይበላ ሞተር ደግሞ ታቹ፣ ማለትም ፒስተንና ቀለበቱ፣ አልቋል ለማለት ይከብዳል አለን።

«አያ፣ ታዲያ ይሄ 22ቱስ?» አልኩት። ያኔ ነው እኔ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ያስረዳኝ።

«ልጄ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው 30 ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። እኛ ያለነው የት ነው?» አለኝ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። ሞተሩ የሚስበው አየር ከመነሻው ስስ ከሆነ ጨምቆ የሚያወጣውም ግፊት በዚያው ልክ ያንሳል። 30ን በሦስት አራተኛ ብታባዙት 22 ተኩል ነው። የእኛ ሦስቱ ሲሊንደሮች ቁጭ ያሉት እዚያው ላይ ነው። በእሱ አነጋገር ሦስቱ ጤነኛ ናቸው፣ የታመመው አንዱ ነው። የሚታየው ከመጽሐፉ ጋር ያለው ልዩነት ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት ነው። ይህን ያህል ዓመት ደጋ ላይ ስንነዳ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም። እባካችሁ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ሸዋ ደጋው ላይ ያላችሁ ይህቺን ነገር ያዙልኝ። በዚህ ስሌት ብቻ ስንት ደህና ሞተር ተፈታትቶ ይሆን ብዬ አስባለሁ።

የጉልበቷንም ነገር አስተካከለልን። 5ኤል ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፣ ስለዚህ ደጋ ላይ ከቆላው ያነሰ ጉልበት መስጠቱ ተፈጥሮው ነው። ጉልበት አነሰ ተብሎ ብቻ ሞተር አይፈታም።

ይህን ሁሉ ብሎም በሰው ወረቀት አልወሰነም። መኪናዋን አሳደራትና ጠዋት በብርዱ ራሱ አስነሳት። ከዚያ ሞተሩን በደንብ አሙቆ፣ ባትሪውን ሞልቶ፣ እንደገና ለካ። ባትሪ ከደከመ ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ቁጥሩ ያለ ጥፋቱ ይወርዳል። ሦስተኛው ያው 14 ሆነ። ጥቂት ዘይት በዚያ ሲሊንደር ጨምሮ ደግሞ ለካው። ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍናል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ካለ ቀለበቱ አልቋል ማለት ነው። የእኛ ግን ፈቅ አላለም።

ከዚያ የሠራውን ዓይኔ እያየ ነው። ፒስተኑን ጫፍ ላይ አቁሞ፣ በካንዴሌታው (ጠዋት ለማስነሳት በሚያሞቀው) ቀዳዳ በኩል ከኮምፕሬሰር አየር ለቀቀበት። «ና፣ አንተ ራስህ ስማ» አለኝ። የዘይት መሙያው ላይ ጆሮዬን አደረግሁ፣ ጸጥ ያለ ነው። እዚያ ቢነፍስ ኖሮ ቀለበት ነበር። ራዲያተሩን ከፍተን አየን፣ አረፋ የለም። አረፋ ቢኖር የተበላ ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ወስዶ ማርሚታው (የጭስ ማውጫ ቱቦው) ጫፍ ላይ አስጎነበሰኝ። አየሩ ሽሽሽ እያለ ይወጣል። የጭስ ማውጫው ባልቦላ (ጭሱን ለማስወጣት የሚከፈተውና የሚዘጋው) አይዘጋም ማለት ነው። ምንም ሙያ የሌለኝ ሰው በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ አመንኩ። አያን የምወደው ለዚህ ነው። «እመነኝ» አይልም፣ ያሳያችኋል።

የዘይት ግፊቱንም ሞተሩ በሞቀበት በመለኪያ አየው፣ ደህና ነው። ስለዚህ ቴስታታው ብቻ ይውረድ ተባለ። ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀን። «ቴስታታው ሲነሳ ሲሊንደሩን እናየዋለን፣ መጥፎ ነገር ካገኘን ያኔ እንደገና እንነጋገራለን። አሁን ቃል አልገባም» አለ። ሲያነሳው ሁለታችንንም ጠራን። ሦስተኛው የጭስ ባልቦላ ጠርዙ ተቃጥሎ ተበልቷል። የባልቦላው ክፍተት ለረጅም ጊዜ ሳይስተካከል ሲቀር እየጠበበ ይሄድና ባልቦላው ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል፣ በዚያ የሚያልፈው እሳት ይበላዋል። ሲሊንደሮቹ ግድግዳ ላይ ግን የፋብሪካው መስቀለኛ ጭረት ገና ይታያል። ጥፍሬን ከላይኛው ጠርዝ ወደ ታች አንሸራትት አለኝ፣ ምንም ደረጃ አይዝም። ቢይዝ ኖሮ ግድግዳው ተበልቷል ማለት ነበር። በዚህም አልበቃውም። በመለኪያ ከላይም ከታችም፣ በርዝመትም በወርድም ለካው። እነዚያን ሲሊንደሮች በ430 ሺህ ኪሎ ሜትር አይቼ አላምን አልኩ።

ቴስታታው ባሕር ዳር ተልኮ ስንጥቅ ይኖረው እንደሆነ ተፈተሸ፣ ፊቱ ተሞረደ፣ የባልቦላ መቀመጫዎቹ ተስተካከሉ። የዚህ ሞተር ቴስታታ ሙቀት ካገኘው የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ሳይፈተሽ አይገጠምም አለን። የጭስ ባልቦላዎቹ አዲስ ሆኑ፣ የባልቦላ ጎማዎቹና ጓርኒሲዮኑም እንዲሁ። ከተፈታ አይቀር ብሎ የታይሚንግ ቀበቶውንና የውኃ ፓምፑንም ለወጠው። ቀበቶው ድንገት ቢበጠስ ባልቦላው ከፒስተኑ ይጋጫልና እዚያ ላይ መቆጠብ አይገባም። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈተሸ፣ አንዱ ይንጠባጠብ ነበር። ጠቅላላ ያወጣነው ለኦቨርሆል ከተጠራልን ሩቡን አይሞላም። አሁን ጠዋት አንዴ ሲነካት ትነሳለች። ጭሱ የለም። ደጀንንም እንደ ድሮዋ ትወጣለች።

ታዲያ አያ ኦቨርሆል የሚጠላ ሰው እንዳይመስላችሁ። እኛ እዚያ እያለን አንድ ሚኒባስ መጣች። ሹፌሯ ቀለበት ብቻ ቀይርልኝ አለው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍት ጭሱ ከውስጥ እየገፋ ይወጣል። አራቱም ሲሊንደሮች ወርደዋል፣ ዘይት ሲጨመር ደግሞ አራቱም ከፍ ይላሉ። አያ ቀለበት ብቻ አልቀይርም አለ። ሲሊንደሩ ተበልቶ ክብነቱን ካጣ አዲስ ቀለበት አይገጥምበትም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ዘይት መብላት ነው። ወይ ተሞርዶ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገዘፍ ያለ ፒስተን ይገባለታል፣ ወይ እኔ አልነካውም አለ። ሰውዬው ተከፋ፣ ግን በኋላ እሺ አለ።

አንዲት መምህርት ደግሞ ትንሽ ቪትዝ ይዛ መጥታ ነበር። ለእሷ ያገለገለ ሞተር ይሻልሻል አላት። የእነዚያ ትንንሽ ቤንዚን ሞተሮች እድሳት ከሌላ ሞተር መግዣ ሊበልጥ ይችላል። ግን ሳትገዢ በፊት የሞተሩን ሕጋዊ ወረቀት ተቀበይ፣ ሊብሬሽ ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ካልተስተካከለ ኋላ ስትሸጪም ለቦሎም ትቸገሪያለሽ ብሎ አስጠነቀቃት። ለወንድሜም ይሄ ትምህርት ሆነው። ሰው እንዴት እንደነዳው የማታውቀውን ሞተር ገዝቶ፣ ከነሙሉ ጤናው ያለውን የራስን ማውጣት ምን ይሉታል?

የማይመቸውንም ልንገራችሁ፣ ጥቆማ ከሆነ አይቀር ሙሉውን መናገር ይገባል። አያ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ጥድፊያ ያለበት ሰው ይበሳጭበታል። ስልክም ቶሎ አያነሳም። አዳዲሶቹን በኮምፒውተር የሚፈተሹ ናፍጣ ሞተሮች እሱ ራሱ አይቀበልም፣ መሣሪያው የለኝም ብሎ ወደ ሌላ ሰው ይልካችኋል። ይህን በግልጽ መናገሩንም እኔ እንደ ትልቅነት ነው የማየው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በካርቶን አድርጎ ይመልስላችኋል። የተቃጠለችው ባልቦላችን አሁን ቤት አለች፣ አባታችን ለእንግዳ ሁሉ እያወጣ ያሳያታል።

ከመሄዳችሁ በፊት ዘይት በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት እንደምትጨምሩ ጻፉ። መኪናዋን ከቻላችሁ ማታ አድርሷት፣ ጠዋት ሳትሞቅ ራሱ ያስነሳት። ሌላ ጋራዥ የለካላችሁ ቁጥር ካለ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳይሰድብ ያየዋል። ማንንም ሲያማ አልሰማሁትም።

አያ፣ ይህን ልጆችህ ያነቡልሃል። የቤታችንን እንጀራ ነው ያዳንክልን። እድሜና ጤና ይስጥልን፣ እጅህን ይባርክ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።