በአሚባራ የተከራየነው የጥልቅ እርሻ ትራክተር

በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ ጥጥ የምናለማ ገበሬዎች የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ውሃ በሚቀላቀልበት በአዋሽ ወንዝ ስለምናጠጣ፣ በማሳችን ላይ የሚወጣው ነጭ የጨው ቅርፊት ከዓመት ዓመት ያሳስበናል። ስለዚህ ዘንድሮ ከአንድ የኪራይ ድርጅት ሰብሶይለር (ከላይኛው አፈር ሥር ያለውን ጠጣር ንጣፍ የሚሰባብር ጥልቅ ማረሻ) የተገጠመለት ትራክተር ወስደን አሳርሰናል።

ሥራው ጥሩ ነው። ኦፕሬተሩ ከማረሱ በፊት ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ከ50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የወጣውን አፈር በእጁ እየፈረፈረ እርጥበቱን መረመረ፤ ጠጣሩ ንጣፍ እርጥብ ከሆነ ማረሻው ሰንጥቆት ያልፋል እንጂ አይሰባብረውምና ጥንቃቄው በጣም አስደስቶኛል። ቀድሞ ማሳው ላይ ይተኛ የነበረው ውሃም አሁን ቶሎ ይሰርጋል።

ቅር ያሰኘኝ ድርጅቱ «ጥልቅ እርሻ ጨውን ያጠፋል» እያለ ማስተዋወቁ ነው። እርሻው መንገድ ይከፍታል እንጂ ጨውን ከሥር አካባቢ አጥቦ የሚያወርደው ከሰብሉ ፍላጎት በላይ የሚሰጠው ውሃ ነው፤ ያም ውሃ የሚወጣበት የማጠንፈፊያ ቦይ ከሌለ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ እያለ ጨውን መልሶ ያመጣዋል። ሶዲየም በበዛበት አፈር ደግሞ ጂፕሰም (ሶዲየሙን የሚተካ ካልሲየም ያለው ማዕድን) ካልተጨመረ ስንጥቁ ቶሎ ይደፈናል። ቦይ ላለው ማሳ አገልግሎቱን ሳላመነታ እመክራለሁ፤ ለሌለው ግን ገንዘቡን በቅድሚያ ቦይ ላይ ማዋል ይሻላል።