የላሜራ የውሻ ቤት እንዳትገዙ

ድሬዳዋ፣ አዳማና ሌሎች ሞቃት ከተሞች ላላችሁ ውሻ አሳዳጊዎች፦ ብረታ ብረት ቤቶች ደጃፍ ተደርድረው የሚሸጡትን፣ ዙሪያቸውን በላሜራ ተበይደው የተዘጉ የውሻ ቤቶች እንዳትገዙ። ሻጩ «ዝናብ አያስገባም፣ ዕድሜ ልክ ነው» ይላችኋል። ዝናቡን አልዋሸም፤ ግን ነፋስም አያስገባም።

ውሻ እንደ ሰው አያልበውም። መዳፉ ሥር ትንሽ ላብ አለው፣ እሱም አያበርደውም። የሚበርድለት ሲያለከልክ ከምላሱና ከአፉ በሚተነው እርጥበት ነው። በተዘጋ ላሜራ ውስጥ የገዛ ትንፋሹ አየሩን ስለሚያረጥበው፣ የቱንም ያህል ቢያለከልክ ሙቀቱ አይወጣለትም። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ከደረሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ወድቋል። በሰንሰለት የታሰረ ከሆነ ደግሞ ጥላ ፍለጋ እንኳ መሄጃ የለውም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሂዱና፣ ፀሐይ ላይ የቆመውን ጣሪያ ከውስጥ በኩል በእጃችሁ ንኩት። 5 ሰከንድ መያዝ ካቃታችሁ ተዉት። ወለሉንም እዩ፤ ላሜራ ከሆነ ውሻው ሆዱን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው።

ማሠራት ይሻላል። አጥንቱ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የብረት ዘንግ)፣ ግድግዳውና ወለሉ ጣውላ፣ ወለሉ ከመሬት 15 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ይሁን በሉ። ከጣሪያው ሥር በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች ላይ 10 ሳንቲሜትር ክፍተት ይተውና በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ይህን ለበያጁ ሳትነግሩት አይተውላችሁም፤ ዝግ ሳጥን መበየድ ይቀለዋል።

የገዛችሁም አትጣሉት። ዛፍ ጥላ ሥር አዙሩት፣ በ4 ብሎኬት አንሱት፣ ወለሉ ላይ ጣውላ አንጥፉ፣ ጣሪያውን ነጭ ቀለም ቀቡት። የአየር መውጫውን በፍሌክስ (በብረት መቁረጫ ማሽን) አስቆርጡ፤ የተቆረጠው ጠርዝ ምላጭ ስለሆነ ወደ ውጭ ይታጠፍ። እርጥብ ጆንያ ውስጡ አታንጥፉ፣ የአየሩን እርጥበት ያባብሰዋል። ውሃውም በጥላ ይቀመጥ፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 2 ሊትር ያህል ይፈልጋል፣ በሙቀት ጊዜ ከዚያም በላይ።

ምራቁ ከተዝለገለገ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ካስመለሰው ወይም ከተንገዳገደ አትጠብቁ። ወደ ጥላ አውጡትና አፍንጫውን እየተጠነቀቃችሁ መላ ሰውነቱን የቧንቧ ውሃ አፍስሱበት፣ በቬንትሌተር ወይም በካርቶን አራግቡለት፣ ከዚያ የመኪናውን መስኮት ከፍታችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ አትተዉት፤ ፎጣው ወዲያው ሞቆ ሙቀቱን ያፍንበታል።