ሆሎግራም ዲስክ ልጠብቅ ወይስ ሃርድ ዲስክ ልግዛ?

የአክስቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮዋን ይዛ መጣች። «ሆሎግራም ዲስክ የሚባል ሊወጣ ነው አሉ፤ እሱን ልጠብቅ?» ይህን ስትጠይቀኝ ሦስተኛዋ ናት። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አትጠብቁ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዙ።

ሆሎግራም ዲስኩ፣ ማለትም በሌዘር የሚጻፍበትና የሚነበበው ዲስክ፣ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ቤል ላብስ ከተባለው የምርምር ተቋም የወጣው ኢንፌዝ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ዋጋ ቆርጦለት ነበር። ድራይቩ (ዲስኩን የሚጽፈውና የሚያነበው መሣሪያ) 18,000 ዶላር፣ 300 ጊጋ የምትይዘው ዲስክ 180 ዶላር። ጊጋው 60 ሳንቲም መጣ ማለት ነው። ዛሬ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ በ80 ዶላር ብታገኙ ጊጋው 4 ሳንቲም ነው። (በብር አላሰላሁም፤ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይቀየራል።) በድራይቩ ዋጋ ብቻ 225 ሃርድ ዲስክ ይገዛል! ኩባንያው በ2010 ተዘጋ። ንብረቱን የወረሰው አኮኒያ ደግሞ ፊቱን ወደ መነጽር ቴክኖሎጂ አዞረ፤ በ2018 አፕል ገዛው።

ያስቸገረው የሚጻፍበት ነገር ነው። ሲዲ ላይ የሚጻፈው በስስ ሽፋን ነው። ይሄኛው ግን በሌዘር ውፍረቱ ውስጥ ይጽፋል፤ የሌዘሩን ማዕዘን እየቀያየረ የመረጃ ገጽ በገጽ ላይ ይደርባል። ዲስኩ ፎቶፖሊመር የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው ውስጡ ያሉት ሞለኪውሎች ይያያዛሉ። ሲያያዙ ደግሞ ይኮማተራል። ሸክላ ሠሪ ታውቀዋለች፦ ጭቃው ሲደርቅ ይጠብና ክዳኑ አልገጥም ይላል። እዚህም ማዕዘኑ ትንሽ ከተዛባ ገጹ በደንብ አይነበብም። ሳይጻፍበት ብርሃን ካገኘው ደግሞ አለቀለት። በሱ ፋንታ ሊቲየም ኒዮቤት የሚባል ክሪስታል ተሞክሮ ነበር፤ እሱ ደግሞ በተነበበ ቁጥር ይደበዝዛል።

እኔ ግን የተበላሁት በሆሎግራም አይደለም። አምና «2 ቴራ» የተጻፈበት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው ማከማቻ) በ2,500 ብር አገኘሁ። ርካሽነቱ ሊያስነቃኝ ይገባ ነበር። ፎቶው ሁሉ ገባ፣ ስሙም ይታያል፤ ሲከፈት ግን ግማሹ ግራጫ ብቻ። በቢላ ፈለቀቅኩት። 32 ጊጋ የስልክ ሚሞሪ በሙጫ ተለጥፏል፤ ከጎኑ ክብደት እንዲሰጥ ሁለት ዳዶ። ሻጩ ስልኩን ዘጋ።

ስለዚህ ማንኛውንም ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ወይም ሚሞሪ ስትገዙ ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፈትሹት። ዕቃውን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነባል። ሌሊቱን ሙሉ ቢፈጅም ይፍጅ።

ኤም-ዲስክ (ለረጅም ዘመን እንዲቆይ የተሠራ የዲቪዲና የብሉሬይ ዓይነት) ይሻላል የሚሉ አሉ። ለጥቂት ፎቶ እሺ። ለ2 ቴራ ግን ባለ 25 ጊጋው 80 ዲስክ ይፈልጋል፤ መጻፊያውም ለብቻው ይገዛል።

ሃርድ ዲስክም መልአክ አይደለም። ከጠረጴዛ ከወደቀ ሊያከትም ይችላል። የተበላሸው ገመዱ ወይም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ከሆነ ጠጋኝ ሊመልሰው ይችላል። «ቀጭ ቀጭ» ካለ ግን ወዲያው ንቀሉት፤ አቧራ ባለበት ሱቅ እንዲከፍቱት አትፍቀዱ። ሁለት ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው፤ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን ለእናቷ ሰጠች። አክስቴ በነጠላ ጠቅልላ፣ ከጋቢዎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።