ከጅማ የገዛሁት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ

ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብርሃን ወደ ነዳጅ ለመቀየር ለምናደርገው ሙከራ፣ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ካለ የኬሚካል መደብር ግማሽ ኪሎ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ገዛሁ። ይህን ማዕድን የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ1979 ተመራማሪዎቹ ኢኖዌ፣ ፉጂሺማና ባልደረቦቻቸው እንዲህ ባሉ ዱቄቶች ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሜታኖልና ፎርማልዲሃይድ ማግኘታቸውን ስላሳወቁ ነው። ዱቄቱ ደቃቅ ነው፤ በውኃ ሲበጠበጥ ወተት መስሎ ለሰዓታት ሳይዘቅጥ ይቆያል።

ቅሬታዬ በመለያው ላይ ነው። አናታዝ ይሁን ሩታይል (ሁለቱ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የክሪስታል ዓይነቶች) አልተጻፈበትም፤ ሻጩን ብጠይቀው «ጌታዬ፣ ሁሉም ያው ነጭ ነው፤ ቀለም ሠሪዎች ናቸው የሚወስዱት» አለኝ። አልዋሸም፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነበር። ለቀለም የሚመረተው ዱቄት በፀሐይ ቀለሙን እንዳያበላሽ ብዙውን ጊዜ በአሉሚና ወይም በሲሊካ ስለሚሸፈን፣ እኛ የምንፈልገው የካታሊስትነት (ኬሚካላዊ ለውጥን የማፋጠን) ባሕርይ ይዳከማል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በናይትሮጅን ተክተን ስንሞክር እንኳ ጥቂት ሚቴን (ካርቦን ያለበት ተቀጣጣይ ጋዝ) መታየቱ አልቀረም፤ ስለዚህ ካርቦኑ የመጣው ከጋዙ ሳይሆን በዱቄቱ ላይ ከቀረ ቆሻሻ ነው ማለት ነው።

ንጹሕ አናታዝም ቢሆን ከፀሐይ ብርሃን የሚጠቀመው 5 በመቶ ገደማ የሆነውን አልትራቫዮሌት ብቻ በመሆኑ፣ በጅማ ክረምት ያለ መብራት አይሞከርም። መደብሩ ዋጋው ተመጣጣኝ፣ መስተንግዶውም መልካም ነው፤ ለግድግዳ ቀለም ከሆነ ሳላመነታ እመለሳለሁ።