ያንማር 3ዋይኤም30፦ ዘይቱ ርካሽ፣ የጨው ውሃው ወገን ውድ

ያንማር 3ዋይኤም30 ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 954 ሲሲ የጀልባ ናፍጣ ሞተር ነው። በደቂቃ 3600 ዙር ላይ 29 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም፣ ናፍጣውን የሚረጨው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። ከ9 እስከ 11 ሜትር በሚረዝሙ የሸራ ጀልባዎች ውስጥ፣ በተለይ የፈረንሳዩ ኩባንያ ዣኖ በሚሠራቸው፣ በብዛት ይገኛል። ስለ ጉልበቱ ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ይሠራል፣ በዝቅተኛ ዙር ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ናፍጣ ቆጣቢ ነው። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ለማቆየት የሚያስወጣውን ወጪ ነው። ብረቱ ራሱ ብዙ አያስወጣም። ገንዘብ የሚበላው ጨው ውሃ የሚያልፍበት መስመር ነው፤ ያ ደግሞ የሰዓት ቆጣሪውን አይጠብቅም፣ ጀልባው ታስሮ ቆሞም ያረጃል።

አዲስ ሞተር 50 ሰዓት ሲሞላ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ይቀየራል፣ የቺንጋው ውጥረት ይታያል፣ የቫልቭ ክፍተት ይለካል። ከዚያ በኋላ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በየ150 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ፣ ቀድሞ በደረሰው ይቀየራል። የናፍጣ ፊልትሮ፣ የካምቢዮ ዘይትና የጭስ ማውጫው ምርመራ በየ250 ሰዓቱ ነው። የቫልቭ ክፍተት እንደገና የሚለካው 1000 ሰዓት ላይ ሲሆን ሞተሩ ቀዝቅዞ ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የሸራ ጀልባ በዓመት 100 ሰዓት እንኳ ሞተሩን ካስነሳ ብዙ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በተግባር የሚኖረው በዓመቱ ሰሌዳ ነው። «ገና 60 ሰዓት ነው» ብሎ ዘይቱን ለሁለተኛ ክረምት የሚያሳድር ሰው፣ በአሲድና በእርጥበት የተበላሸ ዘይት ውስጥ የሞተሩን ውስጥ ዘፍዝፎ ይተዋል። ዘይቱ መቀየር ያለበት ጀልባው ለክረምት ከመታሰሩ በፊት እንጂ ሲፈታ አይደለም።

የሚፈልገው 15ደብልዩ40 የናፍጣ ሞተር ዘይት ነው፤ 2.8 ሊትር ገደማ ይይዛል። ጀልባ ውስጥ ሞተሩ ዘንበል ብሎ ስለሚቀመጥ በሊትር ሳይሆን በዘይት መለኪያው ዘንግ መመራት ይሻላል። ከታች መፍቻ ለማስገባት ቦታ ስለማይኖር፣ ሞተሩን አሙቆ ዘይቱን በዘንጉ ቀዳዳ በእጅ ፓምፕ መምጠጥ የተለመደ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚገጠመው ኬኤም2ፒ የተባለ ካምቢዮ 0.3 ሊትር ብቻ ይወስዳል፤ እሱም የሞተር ዘይት ነው። ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚጨምሩበት ሰዎች አሉ፤ የዚህ ካምቢዮ ክላች ለዚያ አልተሠራም፣ መንሸራተት ይጀምራል።

አሁን ወደ ውሃው። የባሕር ውሃ ፓምፑ ውስጥ ያለው የጎማ ኢምፔለር (እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ) በመመሪያው 250 ሰዓት ላይ ይፈተሻል፣ 1000 ሰዓት ላይ ይቀየራል። ይህን ለሸራ ጀልባ አንቀበለውም። ጎማው ወራት ሙሉ በአንድ በኩል ተጨፍልቆ ሲቆይ ክንፎቹ ሥራቸው ላይ ይሰነጠቃሉ፤ በዓመት አንዴ መቀየር ነው። ቁጥሩ 128990-32200 ነው፤ አንድ መለዋወጫ ሁልጊዜ ጀልባው ላይ ይኑር። ሲገጠም ግሊሰሪን ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይቀባል፤ ተራ ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋል። የባሕሩ ቫልቭ፣ ማለትም የባሕር ውሃ የሚያስገባው መዝጊያ፣ ተዘግቶ ሞተሩ ከተነሳ ኢምፔለሩ ደርቆ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። ክንፍ ከተቆረጠ ደግሞ አዲሱን ከመግጠም በፊት የተቆረጡት ቁርጥራጮች አንድ በአንድ መገኘት አለባቸው፤ የሚሸሸጉት የሙቀት መለዋወጫው (የባሕር ውሃ የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዝበት ክፍል) መግቢያ አፍ ላይ ነው። እዚያ የቀረ አንድ ቁራጭ በከፍተኛ ዙር ብቻ የሚታይ ሙቀት ያመጣል፣ ባለቤቱም ቴርሞስታት ሲቀይር ይከርማል።

ከፓምፑ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ካንጠባጠበች ውሃውን የሚያግደው ማሸጊያ ጎማ አልቋል፣ ዘይት ካንጠባጠበች ዘይቱን የሚያግደው። ቀዳዳዋን በማስቲሽ የደፈነ ሰው አይተን እናውቃለን ማለት ይቻላል፤ የሚያገኘው ትርፍ ጨው ውሃ ወደ ዘይቱ የሚገባበት መንገድ ነው።

ትልቁ ሂሳብ የሚመጣው ግን ውሃና ጭስ ከሚቀላቀሉበት ክርን፣ ማለትም ከታጠፈው የጭስ ማውጫ ቧንቧ ነው። ትኩሱ ጭስ የባሕር ውሃ ሲነካው ጥቀርሻና ጨው አብረው ይጋገራሉ፤ ቀዳዳው ከዓመት ዓመት ይጠባል። ሞተሩ መልሕቅ ላይ ባትሪ ለመሙላት ብቻ በዝቅተኛ ዙር የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ይፋጠናል፤ ናፍጣ ሸክም ሳይኖርበት ሲነድ ንጹሕ አይነድም። ምልክቶቹ ጥቁር ጭስ፣ ከኋላ የሚወጣው ውሃ ማነስ፣ 3600 ሊደርስ ሲገባው 3000 ላይ የሚቆም ዙር ናቸው። በየ250 ሰዓቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አውልቆ በጣት መዳሰስ፣ ጥቀርሻውን መፋቅ፣ በአዲስ ጓርኒሲዮን መልሶ ማሰር ነው። ግድግዳው ከሳሳ አይበየድም፣ ይቀየራል። ሌሎች አምራቾች ከማይዝግ ብረት የሚሠሩት ተመሳሳይ ክርን ረዘም ያለ ዕድሜ አለው፤ ዋጋውን የሚመልስ ግዢ ነው እንላለን።

የናፍጣው ወገን ቀላል ነው፣ ውሃ ካልገባው። ጀልባው ሲታሰር ታንከሩ ሙሉ ይሁን፤ ባዶው ቦታ እርጥበት ያጠራቅማል፣ ከውሃው ሥር ደግሞ ጥቁር ዝቃጭ የሚያበቅል ተሕዋስ ይራባል። ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ አየሩ የሚወጣው ናፍጣውን ከታንከር በሚስበው የማንሻ ፖምፓ የእጅ ዘንግ ነው። ዘንጉ ልል ሆኖ ምንም ካልገፋ ፖምፓው ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ካም ሻፍቱ ፖምፓውን ተጭኖት ቆሞ ነው። ክራንኩን አንድ ዙር አዙሮ እንደገና መሞከር ነው። የዘይቱ መጠን ራሱን ችሎ ከፍ እያለ ከመጣና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ የዚሁ ፖምፓ ዲያፍራም መቀደዱን መጠርጠር ነው።

አልነሳ ያለ ሞተር ላይ ሞተሪኖውን ደጋግሞ መርገጥ የዚህ ዓይነቱ ሞተር ገዳይ ስህተት ነው። ፓምፑ እየዞረ ማርሚታውን በባሕር ውሃ ይሞላል፤ የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ውሃው ተመልሶ ሲሊንደር ይገባል። ከሁለተኛ ሙከራ በኋላ የባሕር ቫልቩን ዝጉ፣ እንደተነሳ ወዲያው ክፈቱ። ቁልፉ ሲጫን «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚለው ችግር ብዙውን ጊዜ ሞተሪኖው አይደለም። ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳው እስከ ሞተሩ ያለው ረጅም ሽቦና ሶኬቶቹ ቮልት ይበላሉ፤ ሪሌ መግጠም ይፈታዋል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ባለቤቱ ራሱ ከሠራው የዓመቱ ዕቃ፣ ማለትም ዘይት፣ ሁለት ፊልትሮ፣ ኢምፔለርና ጓርኒሲዮኖች፣ በአውሮፓ ገበያ ከ100 እስከ 150 ዩሮ አካባቢ ይሸፈናል። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ለመካኒክ ከተሰጠ የእጅ ዋጋው ብቻ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል። ክርኑ ጥቂት መቶ ዩሮ፣ የሙቀት መለዋወጫው ከዚያ በጣም የላቀ ነው። በካምቢዮ ፋንታ ሴይልድራይቭ (በጀልባው ወለል በኩል ወደ ታች ወርዶ ፕሮፔለሩን የሚያዞር እግር) የተገጠመለት ጀልባ ከሆነ ሌላ ወጪ ይጨመራል፦ ከጀልባው ሥር ያለውን የጎማ ሽፋን ያንማር በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ ይላል፣ ሌላው የጀልባ ሞተር አምራች ቮልቮ ፔንታ ደግሞ በየ7 ዓመቱ። ብዙ ባለቤቶች የያንማሩን ቀጠሮ አያከብሩም፤ የኢንሹራንስ ሰዎች ግን ሰነዱን ሊጠይቁ እንደሚችሉ ይታወቅ። ከእንግሊዙ የጀልባ ሞተር ቤታ ጋር ካወዳደርነው፣ ቤታ በኩቦታ ሞተር ላይ ስለሚሠራ የብረቱ ክፍል ከትራክተርና ከጄኔሬተር ሻጭ ይገኛል፤ በዚህ ያንማር ይሸነፋል።

ጣና ላይ ሊገጥም ለሚያስብ ሰው ስሌቱ ይገለበጣል። ጨው ስለሌለ ክርኑና የሙቀት መለዋወጫው ዕድሜ ያገኛሉ። ደለሉ ግን ኢምፔለሩንና የፓምፑን ክዳን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ጥሩ የውሃ ማጣሪያ የግድ ነው። ሐይቁ ያለው 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ ከ29ኙ ፈረስ 24 ያህሉ ይቀራል። ለባሕር ወለል የተመረጠ ፕሮፔለር እዚህ ሞተሩን ያንቀዋል፣ ጥቁር ጭስም ያመጣል፤ ፒቹ (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት) አንድ ወይም ሁለት ኢንች ይቀነስ።

ያገለገለ ሲገዛ የሰዓት ቆጣሪው ብዙ አይናገርም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቅ ጠይቁ፣ አስነሱት፣ ጀልባው እየሄደ ሙሉ ጋዝ ስጡትና 3600 መድረሱን እዩ፤ ከዚያ ሻጩ ክርኑ መቼ እንደወለቀ የሚያሳይ ደረሰኝ ያቅርብ። ደረሰኝ ከሌለው የአዲስ ክርን ዋጋ ከሚጠየቀው ዋጋ ላይ ይቀነሳል።