አራት ቅዳሜ ከዴሪቬቲቭ ጋር፦ ስለ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት

ቀን ቀን በሒሳብ ሠራተኝነት እየሠራሁ ማታ ምህንድስና የምማር ሰው ነኝ። የካልኩለስ ኮርስ ሲደርስብኝ የ12ኛ ክፍል ትምህርቴ ከአእምሮዬ ጨርሶ ጠፍቶ ስላገኘሁት፣ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ለአራት ቅዳሜ የሚሰጠውን የዴሪቬቲቭ (የአንድ ፋንክሽን ዋጋ በየነጥቡ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚለወጥ የሚያሳይ ስሌት) ትምህርት ተመዝግቤ ጨረስኩ። አብረውኝ የተቀመጡት በአብዛኛው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው። አስጠኚያችንን እነሱ «ቲቸር» ይሉታል፤ በዕድሜ ስለምበልጠው እኔን «እርስዎ» እያለ ይጠራኛል፣ ስሳሳት ግን ከልጆቹ ለይቶ አልማረኝም።

ፕሮዳክት ሩልን (የብዜት ደንብን) የጀመረው በጥያቄ ነበር። የሁለት ፋንክሽኖች ብዜት ዴሪቬቲቭ ስንት ነው ሲለን፣ ብዙዎቻችን የሁለቱን ዴሪቬቲቭ ማባዛት ነው አልን። እሱም ኤክስን በኤክስ² አባዝቶ አሳየን፦ በእኛ መንገድ ውጤቱ 2ኤክስ ይሆናል፣ ነገር ግን ብዜቱ ኤክስ³ ስለሆነ ትክክለኛው ዴሪቬቲቭ 3ኤክስ² ነው። ደንቡ የእያንዳንዱን ዴሪቬቲቭ በሌላው አባዝቶ ሁለቱን ውጤቶች መደመር ነው። ከካልኩለስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ላይብኒዝም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1675 በጻፈው ማስታወሻ ይህንኑ ሐሳብ አንስቶ እንደማይሠራ ማየቱን ሲነግረን፣ አፍረው የነበሩት ልጆች ፊታቸው ፈታ አለ። ቼን ሩልን (አንድ ፋንክሽን በሌላው ውስጥ ሲገባ የምንጠቀምበትን ደንብ) ደግሞ በጋቢ አስረዳን። ጋቢ ደርቦ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሸሚዙን አስቀድሞ ማውለቅ አይችልም፤ እንዲሁ መጀመሪያ የውጩን ፋንክሽን ዴሪቬቲቭ የውስጡን ሳንነካ እናወጣለን፣ ቀጥሎ በውስጡ ዴሪቬቲቭ እናባዛለን።

ደንቦቹን ግን ማንኛውም መጽሐፍ ያስተምራል። ይህን ቦታ ከሌላው የሚለየው ሁለት ሙሉ ቅዳሜ ለማቃለል መስጠቱ ነው። ኤክስ²(3ኤክስ − 1)⁴ የሚለውን ፋንክሽን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሁለቱን ደንቦች በአንድነት ስንጠቀም 2ኤክስ(3ኤክስ − 1)⁴ + 12ኤክስ²(3ኤክስ − 1)³ እናገኛለን፤ 12 የሆነው 4 በቅንፉ ውስጥ ባለው 3 ስለተባዛ ሲሆን፣ እኔ ይህቺን 3 በመርሳት ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ቅንፉን ሁሉ በትኖ፣ ግማሽ ገጽ ፈጅቶ፣ 486ኤክስ⁵ − 540ኤክስ⁴ + 216ኤክስ³ − 36ኤክስ² + 2ኤክስ ላይ ደረሰ። መልሱ አንዳች ስሕተት አልነበረበትም። አስጠኚው ወረቀቱን አይቶ «ትክክል ነው፤ አሁን ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ አግኝልኝ» ሲለው ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ከዚያ ሁለቱ ክፍሎች የሚጋሩትን 2ኤክስ(3ኤክስ − 1)³ ወደ ውጭ ማውጣትን አሳየን። በቅንፍ ውስጥ (3ኤክስ − 1) + 6ኤክስ ማለትም 9ኤክስ − 1 ብቻ ስለሚቀር፣ ዴሪቬቲቩ 2ኤክስ(3ኤክስ − 1)³(9ኤክስ − 1) ይሆናል፤ ዜሮ የሚሆንባቸው 0፣ 1/9 እና 1/3 ያለ ተጨማሪ ሥራ ይታያሉ። ለዓመታት ማቃለልን መልስን ለማሳመር ብቻ የሚደረግ ነገር አድርጌ ስቆጥር ኖሬ፣ የፋንክሽኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥብ ለመፈለግ የሚቀጥለውን እርምጃ የሚያቀልልን እሱ መሆኑን የተረዳሁት በዚያች ቅዳሜ ነው።

ቅሬታዬ በዋናነት በመልመጃ ወረቀቱ ላይ ነው። ደጋግሞ ፎቶ ኮፒ ስለተደረገ ርቢዎቹ ደብዝዘው 3 ይሁን 8 መለየት ያስቸግራል፣ በዚህ ትምህርት ደግሞ አንድ ርቢ ከተሳሳተ ሁሉም ይበላሻል። ከጀርባው ያለው የመልስ ዝርዝርም እርምጃዎቹን አያሳይም። የኤክስ√(1 − ኤክስ²)ን ዴሪቬቲቭ ቤቴ ስሠራ (1 − 2ኤክስ²)/√(1 − ኤክስ²) አገኘሁ፤ ወረቀቱ ግን ላዩን 1 − ኤክስ² ስለሚል ስሕተቴን ፍለጋ አንድ ሙሉ ምሽት አጠፋሁ። በሳምንቱ ስጠይቀው አስጠኚው ሰሌዳው ላይ ሠርቶ የወረቀቱ መልስ ስሕተት መሆኑን ሳያቅማማ አመነ። ያም ሆኖ ስሕተቱ በታተመው ላይ እንዳለ ነው። የማካፈል ደንቡም በመጨረሻዋ ቅዳሜ በሩብ ሰዓት ታለፈ፤ አካፋዩን በ−1 ርቢ ጽፎ በፕሮዳክት ሩል መሥራት ይቻላል ተባልን። ነገሩ እውነት ነው፣ እኔንም አልጎዳኝም፤ ፈተና ለሚጠብቃቸው ልጆች ግን ይህ በቂ አይመስለኝም።

ክፍያው አስቀድሞ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን ያለፈ ክፍለ ጊዜ አይካካስም። ፋክተር ማውጣትና የርቢ ሕጎች የሚያስቸግሩት ሰው እነሱን ሳይከልስ ቢገባ ከሁለተኛዋ ቅዳሜ ጀምሮ ይከብደዋል፤ ከእኛም መካከል ሦስቱ በዚሁ ምክንያት አቋርጠዋል። ለሚመዘገብ ሰው የምመክረው ከፊት ረድፍ እንዲቀመጥና የመልመጃዎቹን ርቢዎች ከሰሌዳው ላይ ራሱ እንዲገለብጥ ነው።