የፓራፋንጎ ጠርዝ በቤት ለማጠፍ፦ ሮለር፣ ዱላ ወይስ መዶሻ?

ሰፊ ቸርኬ የገጠመ ወይም ሞላ አሳጥሮ መኪናውን ዝቅ ያደረገ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ኋላ ሦስት ሰው ተጭኖ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲሻገር ጎማው የፓራፋንጎውን ጠርዝ ክርር አድርጎ ይነካዋል። ወርዳችሁ ብታዩ የጎማው ትከሻ ላይ ዙሪያውን የዞረ ጭረት ታገኛላችሁ። ጎማውን የሚበላው ከውጭ የማይታየው፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ የቀረው የላሜራ ጠርዝ ነው። እሱን ወደ ላይ አጥፎ ከፓራፋንጎው ጀርባ ጋር ማስተኛት ጎማው የሚፈልገውን ቦታ ብዙ ጊዜ ይሰጣል።

ይህን በቤቱ ለመሥራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የትኛውን የጠርዝ ማጠፊያ ሮለር ልግዛ ብሎ ነው። እኔ ግን ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ ሂት ጋን (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ግዙ እላለሁ። ላሜራ በማንኛውም መሣሪያ ይታጠፋል፤ ቀለሙ ሳይሰነጠቅ እንዲታጠፍ የሚያደርገው ግን ሙቀት ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ዲኤክስ ኮሮላ ላይ ነው። በሐምሌ ጠዋት፣ ላሜራው እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የኋላ ግራውን ጠርዝ በመዶሻ አጠፍኩት። ሲያዩት ምንም አልሆነም ነበር። ጥፍሬን በጠርዙ ላይ ሳስኬድ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ዳር እስከ ዳር ተሰማኝ። የክረምቱ ጭቃ እዚያው ገብቶ ከረመ፤ መስከረም ላይ ቀለሙ በዝገት ተነፍቶ ተነሣ።

ሂት ጋን ስትጠቀሙ ቀለሙን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ማሞቅ ይበቃል፤ መዳፍ አስቀምጦ መታገሥ የማይቻልበት ደረጃ ማለት ነው። መሣሪያው ራሱ ከ500 ዲግሪ በላይ ስለሚተነፍስ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ፣ ሳታቆሙ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። አንድ ቦታ ካቆማችሁት ቀለሙ ያብጣል። ውጭ ያለ ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ ይህን እወቁ፦ አሜሪካ የሚሸጠው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ከእኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ወዲያው ይቃጠላል። ከመርካቶ መግዛት ይሻላል። የፀጉር ማድረቂያም በትዕግሥት ያሞቃል፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ካለ ግን አይችለውም።

አሁን ወደ ማጠፊያዎቹ እንሂድ።

ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራው ሮለር ጎማው ተፈትቶ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ክፍል) ላይ በራሱ በጎማው ዳዶ ይታሰራል። ከዚያ የሚረዝምና የሚያጥር ክንድ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ የምትሽከረከር የፕላስቲክ መንኮራኩር አለች። ክንዱን ወዲያና ወዲህ ስትገፉ መንኮራኩሯ ጠርዙን እየዳመጠች ታስተኛዋለች። ጥሩነቱ ኃይሉ በጠርዙ ርዝመት ሁሉ እኩል መሆኑ ነው፤ ሞገድ አይተውም። አጠቃቀሙ ግን ዝግታ ይፈልጋል። መጀመሪያ መንኮራኩሯን አዘንብላችሁ ጠርዙን እስከ ግማሽ ብቻ እጠፉት፤ ከዚያ አቅኑና ጨርሱ። በእያንዳንዱ ዙር ክንዱን ጥቂት ብቻ አርዝሙ፤ በየመሐሉ አሙቁ። ለአንድ ፓራፋንጎ አንድ ሰዓት ቢፈጅ አትገረሙ። በአንድ ጊዜ ብዙ ካራዘማችሁት ፓራፋንጎው ራሱ ወደ ውጭ ይጎተታል።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። መኪናው በክሪክ ሲነሣ ሞዞው ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ክንዱ የሚዞርበት መሐልም ከፓራፋንጎው ቅስት መሐል ይርቃል። ስለዚህ መንኮራኩሯ ከላይ ስትላላ ከጎን ታጠብቃለች። ሻንሲውን በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ ሌላ ክሪክ ከታችኛው ክንድ ወይም ከኋላው አክስል ሥር ከታችሁ ሞዞውን መኪናው መሬት ላይ ሲቆም ወደሚኖርበት ከፍታ መልሱት። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ግን ማንም እጁን አያስገባ።

ሮለር ስትገዙ ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት የሞዞውን ቡሎኖች ቁጥርና ርቀት እዩ። አሮጌው ዲኤክስ 4 በ114.3 ነው፤ አራት ቡሎን፣ 114.3 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ማለት ነው፤ ቪትዝ 4 በ100፤ በፈረንጆች ከ2007 ወዲህ ያለው ኮሮላ እንደ መጣበት ገበያ 5 በ114.3 ወይም 5 በ100። አብዛኞቹ ሮለሮች እነዚህን ሁሉ ይይዛሉ። ሃይሉክስና ፕራዶ ግን 6 በ139.7 ናቸው፤ ብዙዎቹ ሮለሮች ባለ አራትና ባለ አምስት ብቻ ስለሆኑ ሻጩን ሳትጠይቁ አትክፈሉ። በአማዞንና በኢቤይ ስም የሌላቸው ሮለሮች ከ100 ዶላር በታች ይገኛሉ፤ እንደ አሜሪካው ኢስትውድ ያሉት ስም ያላቸው ከዚያ ይወደዳሉ። ልዩነቱ ያለው ክንዱ የሚዞርበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ርካሹ እዚያ ላይ ይወላወላል፤ ሲወላወልም መንኮራኩሯ እየተንሸራተተች ጠርዙን ትጭረዋለች። ቢሆንም በዓመት አንዴ ለሚጠቀም ሰው ርካሹ ይበቃል ባይ ነኝ። ዕቃው ከባድ ብረት ነው፤ በሻንጣ የሚያመጣላችሁን ሰው ቀድማችሁ አስጠንቅቁት። ከሁሉ የሚሻለው ሦስት አራት ጓደኛ ሆኖ አዋጥቶ መግዛት ነው። በየቀኑ የሚያስፈልግ ዕቃ አይደለም።

ዱላው ውጭ አገር ሲሠራ የቤዝቦል ዱላ ነው፤ እዚህ ወፍራም የወይራ ዱላ ወይም ዘነዘና ይተካዋል። ጎማው ሳይፈታ ዱላው በጎማውና በጠርዙ መካከል ይገባል፤ አንድ ሰው መኪናውን ቀስ ብሎ ሲገፋ ዱላው እየተንከባለለ ጠርዙን ይጫናል። ምንም ወጪ የለውም፤ ጠንካራ ላሜራ ላለው አሮጌ መኪናም ይሠራል። ግን ኃይሉን የምትቆጣጠሩት እናንተ ሳትሆኑ ጎማው ነው። ዱላው ሲወፍር ፓራፋንጎው ያብጣል፤ ሲያመልጥ ደግሞ የያዘውን ሰው እጅ ይመታል። ሞተር አስነሥቶ መሞከር ፈጽሞ አይገባም። በስሱ ላሜራ በተሠሩት አዳዲስ መኪኖች ላይ እኔ አልሞክረውም።

መዶሻን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከዱላው አስበልጠዋለሁ። በሰለጠነ ባትላሜራ እጅ፣ ከውጭ በጨርቅ የተጠቀለለ ድጋፍ ተይዞ፣ የሞቀው ጠርዝ በጎማ መዶሻ ቀስ በቀስ ሲመታ ንጹሕ ሥራ ይወጣል። ሮለር የማይደርስበትን፣ ፓራፋንጎው ከመከላከያው ጋር የሚገናኝበትን ጥግም የሚያስተካክለው እሱ ነው። ለጀማሪ ግን እያንዳንዱ ምት ከውጭ የሚታይ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ፒንሳ ጥርሱ ቀለሙን ስለሚበላው ከነጭራሹ ይቅር።

በግራይንደር መቁረጥስ? የኋላው ላይ አታድርጉት። እዚያ የውጩና የውስጡ ላሜራ የተበየዱት በዚያው ጠርዝ ላይ ነው፤ ከቆረጣችሁት ሁለቱ ተለያይተው ውኃ መሐላቸው ይገባል።

ከሁሉም በፊት ግን በቀጭን ጨርቅ የጠቀለላችሁትን ማግኔት በጠርዙ ላይ አሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ያልተቀባ አሮጌ መኪና ጥቂት ነው። ማግኔቱ የሚላላበት ቦታ ሥር ስቱኮ (የላሜራ ጉድጓድ መሙያ) አለ፤ ስቱኮ ደግሞ ቢሞቅም ባይሞቅም ሲታጠፍ ይፈረከሳል። እንዲህ ያለው መኪና ላይ ለሮለር የምታወጡትን ገንዘብ ለባትላሜራውና ለቀለም ቀቢው ስጡት። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ቅስታቸው በጥቁር ፕላስቲክ ስለተሸፈነ ነገሩ ሌላ ነው።

አጥፋችሁ ስትጨርሱ የታጠፈውን መገጣጠሚያ በውኃና በብሩሽ አጥባችሁ ሙሉ ቀን አድርቁት፤ ከዚያ አንቲረስት ቀቡት፤ የኋላውን ደግሞ በላዩ ላይ የላሜራ ማሸጊያ ጨምሩበት። ጎማውን ከመግጠማችሁ በፊት መከላከያውን ከፓራፋንጎ ጋር የሚይዛትን ቪቴም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጫፏ ወደ ጎማው ያፈጠጠ ነው፤ ሳታሳጥሯት ከወጣችሁ ያንኑ ጎማ የምትቀደው እሷ ናት።